ጉልቤ ያየው ቀይ

ፒያሳ ባለ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት በተደረገ የወዳጅነት ውድድር፣ የሰርክአዲስና የእዮኤል ሮቦት ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ቀይ ጣሳ ፈልጎ በብረት ክንዱ መምታት። ስሙን ጉልቤ ብለውታል። በመጀመሪያው ዙር አምስት ጣሳ ሲጨፈላልቅ ተማሪው "በለው!" እያለ አዳራሹን አናጋው።

በሁለተኛው ዙር ግን ጉልቤ ጣሳዎቹን ትቶ ወደ እዮኤል ዞረና ቅልጥሙን መታው። ደጋገመው።

"ኧረ አጥፊልኝ፣ ሊሰብረኝ ነው!" አለ እዮኤል በአንድ እግሩ እየዘለለ።

ሰርክአዲስ አጥፍታው ኮምፒውተሯን አየች። "ቀይ" ይላል። እዮኤል ከአንገቱ እስከ ጫማው ነጭ ለብሷል።

"ቲቸር፣ ቀለም መለየት አቅቶታል፤ እናቁመው" አለቻቸው ዳኛውን፣ አቶ ዘርዓብሩክን።

"አይዞሽ ልጄ፣ ጨዋታ እኮ ነው። እንደገና አስነሽው።"

አስነሳችው። ጉልቤ በቀጥታ እዮኤል እግር ሥር ሄዶ ክንዱን አነሳ። ያን ጊዜ የጣሪያው ማራገቢያ ተገንጥሎ ወረደና የእዮኤልን አናት ፈለጠው። ነጭ ሸሚዙ ባንድ አፍታ በደም ርሶ፣ ጉልቤ አስቀድሞ እንዳየው ቀይ ሆነ።

ሰርክአዲስ እየጮኸች ሹራቧን አውልቃ ቁስሉ ላይ ጫነች። ሮቦቱን ያጠፋው ሰው አልነበረም። ደም የለበሰውን ልጅ አልፎ ወደ ተመልካቹ ሄደ። ፊት ለፊት የተቀመጡትን፣ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሱትን ተማሪዎች ተራ በተራ ቅልጥማቸውን ይመታ ጀመር። ሰርክአዲስ ቀና ስትል ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይደረደራል፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ።

ጉልቤ የመጀመሪያውን ረድፍ ጨርሶ ሁለተኛውን ጀመረ።