እንደ ንብ የሚጮኸው አምፕሊፋየር

በነቀምቴ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች አምፕሊፋየሩን በገመዱ እየጎተቱ ያመጡታል፤ የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጡበታል፤ የጊታሩን ገመድ ከመብራት ገመድ ጋር ይጠመጥሙታል። እንደ ንብ ሲጮህ ደግሞ ጋኔን አለበት ብለው እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል።

ዛሬ ዘማሪዋ ቀለሟ በእህቷ ሠርግ ላይ ልትዘምር ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ጩኸቱ ባሰ።

“ኦቦ ተረፋ፣ መዝሙሬን ሊያበላሽብኝ ነው!” አለችኝ፤ የድምፅ መሣሪያውን የምጠግነው እኔ ነኝ።

“ሰነፎች! ጋኔኑን ተዉትና ገመዱን ለዩ” ብዬ ራሴ ለያየሁት። ጩኸቱ አልቆመም። ሶኬቱን ነቀልሁት። አሁንም አልቆመም።

የመዘምራኑ መሪ ኢቢሳ ጆሮውን ወደ አምፕሊፋየሩ አስጠጋ፤ ከዚያም ቀና ብሎ ወደ እኔ ቀረበ።

“ኦቦ፣ እስቲ አፍዎን ይዝጉ።”

ዘጋሁ። ጩኸቱ ቆመ።

“ምን ማለትህ ነው?” ልለው ከንፈሬን ስከፍት፣ ቀለሟ በሁለት እጆቿ ጆሮዎቿን ደፈነች።