በዴልበርት ማሳ ላይ የቆመው ሰሌዳ

መኪናው በቅጡ ሳይቆም ኮራ ሃልቮርሰን በሩን በርግዳ ወረደች።

«አጥፋው! ያንን መጋዝ አጥፋው!»

የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ የሸሪፉ ወጣት ረዳት የሰሌዳውን አንድ እግር እስከ ግማሹ ድረስ ቆርጦት ነበር። ቀና ብሎ ፊቷን ሲያይ መጋዙን አጠፋ። የሞንታና ንፋስ ብቻ ቀረ።

ሰሌዳው የጎተራ በር ያህላል። የቆመው ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ በጎረቤቷ በዴልበርት ክሮስ የስንዴ ማሳ ላይ ነው። በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ኮራ የእሳት አደጋው ግብር ይቅር አለች። መኪናው ዘገየ። አንደርስን ጠይቁት።»

አንደርስ ባሏ ነው። ያለፈው ነሐሴ በሁለቱ ጎረቤታሞች ድንበር ላይ እሳት ሲነሳ በትራክተር አርሶ ሊያቆመው ገባ፤ አልወጣም። የእሳት አደጋ መኪናው ከሩቅ ከተማ እስኪደርስ የሚያጠፋው ነገር አልቀረም። ለሰፈሩ የራሱ መኪና ሊገዛበት የነበረውን ግብር፣ ከዚያ በፊት ቤት ለቤት ዞራ በሕዝብ ድምፅ ያስጣለችው ደግሞ ኮራ ናት። አሁን ለግዛቲቱ ምክር ቤት ትወዳደራለች። በየአዳራሹ የምትለው አንድ ነው፦ መንግሥት እጁን ይሰብስብ፤ በሰው መሬት፣ ኪስና አፍ ላይ የሚያዝዘው ባለቤቱ ነው።

«ማነው የላከህ?»

ረዳቱ በአገጩ ወደ ኋላዋ አመለከተ። ሮይስ ከመኪናው እየወረደ ነበር። የምርጫ ዘመቻዋን የሚመራላት እሱ ነው። መንገድ ላይ «ደስ የሚልሽን ነገር አሳይሻለሁ» ሲላት ነበር።

«እኔ ነኝ አቤት ያልኩት» አለ ሳያፍር። «የአውራጃው ደንብ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰሌዳ ይከለክላል። ምን አጠፋሁ?»

«ያንን ደንብ መድረክ ላይ ስሰድበው አንተ አይደለህ እንዴ ያጨበጨብከው?»

«ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! ሰውየው በሟች ባልሽ ስም እየቀለደ…»

«ባሌ ነው! የኔ እንጂ ያንተ ባል አይደለም!»

 ይህን ሰሌዳ ላለማየት ሰሞኑን በጥርጊያው መንገድ ስትዞር ከርማለች። በሐሳቧ ስንት ጊዜ በመጥረቢያ ፈልጣዋለች። አሁንም እንኳ መጋዙን ነጥቃ የቀረውን ብትጨርሰው ደስታዋ ነው። ሮይስ ይህን ማወቁ ነው ይበልጥ ያነደዳት።

«ወይዘሮ ኮራ፣ እኔ ትእዛዝ ነው የተሰጠኝ» አለ ረዳቱ። «አቤት ያለው ሰው ከተወው ግን ምን አገባኝ።»

«ይተወዋል። መሬቱ የሰውየው፣ ቀለሙም የሰውየው ነው።»

«ኮራ፣ አውራጃው በሙሉ የሚያልፈው እኮ በዚህ መንገድ ነው!» አለ ሮይስ። «ትሸነፊያለሽ!»

«ልሸነፋ! አቤቱታህን አንሳ፤ አለዚያ እኔና አንተ እዚሁ ተለያየን።»

ሮይስ መሬት ላይ ተፋ። ከዚያ ለረዳቱ እጁን አወናጨፈ። «ተወው። ተወው በቃ።»

ይህን ጊዜ ዴልበርት ከሰሌዳው ጀርባ ብቅ አለ። የመጋዙን ድምፅ ሰምቶ ከቤቱ ሲሮጥ መጥቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የተባለውን ግን ሰምቷል።

«ማን ለመነሽ?» ጮኸባት። «የአንቺን ፈቃድ ማን ጠየቀሽ?»

«ፈቃዴ አያስፈልግህም። ሁልጊዜ የምለውም ይሄንኑ ነው።»

«እሱን ለስብሰባሽ አድርጊው! ያን ቀን እኔ በጓሮ ቱቦ፣ አበባ በማጠጣበት ቱቦ፣ እሳት ላይ ውሃ ስረጭ አንቺ የት ነበርሽ? ስብሰባ!»

«መኪናው ቢኖርስ? በዚያ ንፋስ ያድነው ነበር?»

«እናውቀው ነበራ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ቢያንስ እናውቀው ነበር፣ ኮራ!»

 ኮራ ደሟ ፈልቶ አንድ እርምጃ ቀረበችው። እሱ ግን ቀደማት።

«አንደርስ ግብሩ ይከፈል ብሎ ነው ድምፁን የሰጠው። አብረን ነው የሄድነው። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።»

ውሸታም ልትለው አፏን ከፈተች። ዴልበርት ግን ሲዋሽ ሰምታው አታውቅም። ውጤቱ የተነገረበት ምሽት ትዝ አላት። አንደርስ በር ላይ ቆሞ ጠብቋት ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ግንባሯን ሳማት፤ ጫማዋንም ጎንበስ ብሎ አወለቀላት።

«የራሱ ድምፅ ነው» አለች። ቃሉ የወጣው ከተነከሰ ጥርስ መሃል ነው። «ለማንም የመንገር ግዴታ የለበትም።»

 ዴልበርት ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

ያምና እሳት የበላው፣ አንደርስ የሞተበት መሬት ዘንድሮ ከሌላው ማሳ ሁሉ በልጦ ለምልሟል፤ ስንዴው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። በዚያ ቢያቋርጥ ቤቱ ቅርብ ነው። ዴልበርት ዳሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ንፋሱን እየታገለ ዙሪያውን ዞሮ ሄደ። ኮራ ዞሮ እስኪጨርስ ድረስ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።