የመነኩሴ ምሳ

«የመነኩሴ ምሳ ወጥቷል» ትላለች የካፌው በር ላይ የምትቀመጠው ማዘር፣ ቀና ሳትል። ካርድ የምትቆጣጠርበት ማሽን ፊቷ ተደቅኖ ይጮኻል፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ይገፋኛል። ባዶውን የምሳ ዕቃ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ።

ትናንትም እንዲሁ ብላኛለች። ደግ፣ ሌላው የዶርም ጓደኛችን ጠበቃው ወስዶለት ይሆናል። በፈተና ሰሞን የዶርማችን ሕግ ይኸው ነው፤ ካፌ የደረሰ ላልደረሰው ይዞለት ይሄዳል። መነኩሴ ስሙን ያገኘውም ፈተና ሲቃረብ በሩን ዘግቶ ከሰው ስለሚለይ ነው። ካልወሰዱለት ሆዱን ረስቶት ይውላል።

ካፌው ዛሬ ምግብ የሚበላበት ቦታ አይመስልም። ግማሹ ቆሞ ይጎርሳል፤ ግማሹ በአንድ እጁ ማንኪያ፣ በሌላው ወረቀት ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አንዷ ሩዟ ላይ እንባዋን ታፈሳለች፤ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እኔም አላያትም። ከሰዓት በኋላ የስታቲስቲክስ ፈተና አለብኝ፤ የሰው ችግር የምሰማበት ጆሮ የለኝም።

ጠበቃው ትሪውን ይዞ ከፊቴ ይቀመጣል። የዶርማችን ሦስተኛ ሰው እሱ ነው፤ ሕግ ያጠናል፣ ጨው ያነሰው ሾርባ ቢያገኝ ከሾርባው ጋር ይከራከራል።

«እግዜር ይስጥህ» እለዋለሁ።

«ለምኑ?»

«የመነኩሴን ምሳ ስለወሰድክለት።»

ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። «እኔ መች ወሰድኩ? አንተ አይደለህ እንዴ የምትወስድለት? ማዘርን በጠየቅኳት ቁጥር ወጥቷል ነው የምትለኝ።»

«ቀልድህን ተው።»

«አንተ ትሙት» ይላል። ሁልጊዜ የምንባባለው ነው፤ ዛሬ ግን ጆሮዬን ይከብደዋል።

መጨረሻ መቼ እንዳየነው እንጠያየቃለን። እኔ ላይብረሪ ነው የማድረው፤ ንጋት ላይ ሸሚዝ ልቀይር ስገባ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ነበር፤ እንዳልቀሰቅሰው በእግር ጣቴ ሄጄ ወጣሁ። ጠበቃውም ከጥናት ጓደኞቹ ዘንድ ነው የከረመው። እሱም ሲገባ ተከናንቦ ነው ያገኘው፤ እሱም መብራት አላበራም። እንዴት ያለን ጨዋዎች ነን!

ዓይኔ ከትሪዬ አጠገብ ያለው ካልኩሌተር ላይ ያርፋል። የመነኩሴ ነው። ለፈተናዬ አውሰኝ ስለው፣ «ውሰደው፣ ያንተ ይሁን» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት በቅጡ እንኳ ሳላመሰግነው ሄድኩ። እሱ ኢንጂነሪንግ ነው የሚማረው፤ ሳምንቱን ሙሉ ፈተና አለበት። ታዲያ በምን ሊፈተን ነው የሰጠኝ?

ይህን ስነግረው ጠበቃው የሚከራከርበት ነገር ያጣል። ምግባችንን እዚያው ትተን እንነሳለን።

ሰልፉን ጥሰን ማዘር ጋ ስንደርስ ተማሪው ያጉረመርማል። «ማዘር፣ የመነኩሴን ምሳ የሚወስደው ማነው?»

ትደነግጣለች፤ ድምፅዋንም ዝቅ ታደርጋለች። «እባካችሁ ለኃላፊው እንዳትነግሩብኝ። ካርዱ ለጠፋበት አንድ ልጅ ነው የምሰጠው፤ የሚበላው የለውም። ደግሞ ካርዱን የሰጠኝ እኮ ራሱ መነኩሴ ነው። ‹ማዘር፣ እኔን ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ የቸገረውን አብዪበት› አለኝ።»

«ለምን ብለሽ አልጠየቅሽውም?»

«ዘመድ ቤት ሊገባ መስሎኝ። መረቅኩት እንጂ ምን እላለሁ። ጉንጬን ስሞኝ ሄደ።» ከዚያ ፊታችንን ታያለች። «ምነው ልጆቼ? ምን ሆነ?»

ስልኬን አውጥቼ እደውላለሁ።

የመነኩሴ ስልክ ዝግ ነው። ዶርማችን ከግቢው ወዲያ ማዶ ነው። ጠበቃው ይሮጣል፤ በሩ ላይ ከሚገባው ሰው ጋር ሲጋፋ «ቀስ በል እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል?» ሲሉት ይሰማኛል። እኔ የዶርማችን ተቆጣጣሪ ለሆነው ፕሮክተር እደውላለሁ።

«ጋሼ፣ እባክዎ የእኛን ክፍል ያንኳኩልን። መነኩሴ እዚያ ነው።»

«እኔ የናንተ ቀስቃሽ ነኝ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ፈርቻለሁ።»

ሌላ አይጠይቀኝም። የቁልፎቹ መንቃጨል ይሰማኛል፤ ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። የካፌውን ጫጫታ ላለመስማት ሌላውን ጆሮዬን በጣቴ እደፍናለሁ። በሩ ይንኳኳል። እንደገና ይንኳኳል።

«ከውስጥ ተቀርቅሯል» ይላል፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ። ከዚያ ያ ሁልጊዜ የሚጮኽብን ሰውዬ በማላውቀው ድምፅ፣ «ልጄ» ሲል እሰማዋለሁ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ። ክፈትልኝ።»

ማዘር ወንበሯን ትታ አጠገቤ ቆማለች፤ ክንዴን አጥብቃ ይዛዋለች። ሰልፉ ማን አስነሳት እያለ ያጉተመትማል። «እባክህ ልጄ» ይላል ፕሮክተሩ። ጠረጴዛውን እደገፋለሁ።

መቀርቀሪያው ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ይሰማል።

አንድ ነገር መሬት ላይ ይወድቃል፤ የሰው እግር ይራመዳል። ቆይቶ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

«ሃሎ» ይላል መነኩሴ። ድምፁ ደርቋል።

ልሰድበው እፈልጋለሁ። ላለቅስም እፈልጋለሁ። ይቅርታ ልጠይቀውም ይገባኛል፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። ከአፌ የሚወጣው፣ «ምሳ በላህ?» የሚል ነው።

ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል፣ እሱን እቆጥራለሁ።

«አልበላሁም» ይላል።