ማን ተከላቸው?

«እነዚህን ድንጋዮች ማን ተከላቸው?» ይላል ቴሌቪዥኑ፣ ከሥሩ ከበሮ እየተጎሰመ። «የጠፋ የጥንት ሕዝብ? ወይስ ከሰማይ የወረዱ እንግዶች?»

ካሳነሽ የሻይ ብርጭቆዋን ታስቀምጣለች። ወረታ ገበያ ውላ ባጃጅ እየጠበቀች ነው። የመሐመድሰዒድ ሻይ ቤት ጢም ብሏል፤ የፎገራ ደብር በቴሌቪዥን ሊታይ ነው ተብሎ የቀረ ሰው የለም።

ድንጋዮቹን አሳምራ ታውቃቸዋለች። ክረምት ሜዳውን ውሃ ሲውጠው ሰው እየረገጠ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምባቸው ናቸው። ባሏ ደሴና ጓደኞቹ ከይፋግ ተራራ በበሬ እየጎተቱ የደረደሯቸው፣ እሷ የበኩር ልጇን ባዘለችበት በጋ ነው። የመጨረሻው ድንጋይ ቁልቁለት ላይ ከጠፍሩ አምልጦ ደሴን ተጫነው። ልጁ አባቱን አያውቅም።

ባለፈው ሳምንትም በዚሁ ዝግጅት የሌላ አገር ጉድጓድ የግዙፎች መቃብር ነው ሲሉ አምሽተው፣ መጨረሻ ላይ «ምስጢሩ አልተፈታም» ብለው ሰውን ሜዳ ላይ ጥለው ሄዱ። ያን ጊዜ ስቃ ነበር። ዛሬ ግን አትስቅም።

በቴሌቪዥኑ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ካህን ብቅ ይላሉ። መሪጌታ ገብረማርያም ናቸው፤ አሁን እዚሁ ሻይ ቤት፣ ከጎኗ ተቀምጠዋል። «ይህ የሰው ሥራ አይደለም» ይላሉ በቴሌቪዥኑ፣ «የእግዚአብሔር ሥራ ነው።»

«አባቶችም ይህንኑ ይመሰክራሉ!» ይላል አቅራቢው። ቤቱ ያጨበጭባል። መሪጌታ አንገታቸውን ይደፋሉ።

«ምነው የኔታ?» ትላለች ካሳነሽ ቀስ ብላ። «እርስዎ ራስዎ አብረው ሲጎትቱ አልነበር?»

«ለቤተ ክርስቲያን የደከመ ሰው ‹እኔ ሠራሁ› ይላል እንዴ? ኩራት ይሆንብኛል ብዬ ነው እንጂ፣ እንዲህ ያደርጉታል ብዬ መች ጠረጠርሁ።»

«የራስዎን ስም መተውዎ ደግ ነው። የደሴን ግን ማን ይጥራለት? እሱ እንደሁ አይኮራበት።»

ከኋላ አንድ በርበሬ ነጋዴ፣ «እኔ ድሮም ብያለሁ፤ ያን የሚያህል ድንጋይ ሰው አያነቃንቀውም!» ይላል።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይነሳሉ።

«መሐመድሰዒድ፣ እስቲ ድምፁን ዝጋልኝ ልጄ።»

ባለቤቱ ድምፁን ያጠፋዋል። አቅራቢው አፉን ብቻ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ሰው ነው ያመጣው» ይላሉ መሪጌታ። «እኔ ነበርሁ። ጎረቤታችን ሰውመሆን ነበር። የዚህ የመሐመድሰዒድ አባት በሬዎቹን ሰጥቶን፣ እሱም አብሮን ጎትቷል።» ወደ ካሳነሽ ዞር ይላሉ። «ደሴ ከፊት ሆኖ በሬዎቹን ይመራ ነበር። እዚያው ቀረ።»

ማንም አያጨበጭብም። ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ከተዝካሩ ወዲህ የባሏ ስም በሰው ፊት ሲጠራ ካሳነሽ ገና መስማቷ ነው።

ውጭ ባጃጁ ደጋግሞ ጡሩምባ ይነፋል። እሷ ግን አትነሳም። ቴሌቪዥኑ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያለፈ ነው፤ የመጨረሻው እስኪመጣ ትጠብቃለች።