ኢልያው የነከሰው ዳቦ

ባሌ ፒንኻስ በርጩማ ላይ ወጥቶ ዳቦውን ከምስማሩ ሊያወርድ ሲል እግሩን ያዝኩት።

«ተይ አንቺ ሴት፣ ልትጥይኝ ነው!»

«አትንካው። እሱ ዳቦ አይደለም።»

«በእርሾ ቦክቶ፣ በእሳት ተጋግሮ፣ ዳቦ ካልሆነ ምንድን ነው?»

ልጃችን ኢልያው በመከር ወደ ሀይፋ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ነከሰው። በከተማችን በቡኻራ መንገደኛ የሚሸኘው እንዲህ ነው፤ የቀረው ዳቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ ተመልሶ እስኪበላው።

ዛሬ ግን የእኛ የአይሁዶች የቂጣ በዓል ዋዜማ ነው። ማታ ጥጋጥጉን በሻማ ፈትሸን፣ ፍርፋሪውን በላባ ጠርገናል። ግቢው ውስጥ እሳቱ ተያይዟል። ረፋዱ ሳያልፍ እርሾ የነካው ሁሉ ከእጃችን መውጣት አለበት።

«ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለ ፒንኻስ እየሳቀ። «ቂጣ ብታስነክሺው ኖሮ ማን ይነካብሽ ነበር!»

አልሳቅኩም። ለበዓሉ እመጣለሁ ያለው ልጅ ትናንት ደውሎ «እማ፣ ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ» አለኝ። ሲያወራ ያስለው ነበር። በልተሃል ወይ ስለው፣ በልቻለሁ አለ። የትኛው ልጅ ነው ለእናቱ አልበላሁም የሚለው?

«አይቃጠልም» አልኩ። «ከተቃጠለ ምን ብሎ ይመለሳል?»

ፒንኻስ ሳቁን ተወ። ዳቦውን በሁለት እጁ አውርዶ ሰጠኝ።

«እንግዲያው ለሳኦዳት ስጫት፤ በእነሱ ሃይማኖት እርሾ አይከለከልም። ግን ከሰጠሽ ቁርጥ አድርገሽ ስጪ። በልብሽ መልሼ እወስደዋለሁ ካልሽ፣ ያው የእኛ ነው።»

ጎረቤቴን ሳኦዳትን ደጇን ስትጠርግ አገኘኋት።

«ምነው የኢልያው እናት፣ ዛሬ ደግሞ ከሽማግሌሽ ተጣላሽ?»

«እንኪ፣ ያንቺ ነው» አልኳት። «ብትፈልጊ ብዪው፣ ብትፈልጊ ለዶሮ ስጪው።»

ዳቦውን አገላብጣ ንክሻውን አገኘችው።

«ይሄን ሰፊ አፍ የማላውቀው መስሎሽ ነው? የስንት ዓመት የኮክ ፍሬዬን የጨረሰ አፍ!»

«ከልቤ ሰጥቼሻለሁ» አልኩ። ሁለቴ መናገር ነበረብኝ፤ የመጀመሪያው ውሸቴን ነበር።

ሳኦዳት ዳቦውን ይዛ ወደ ቤት ገባች። እኔም ተከትያት ደፉ ላይ ቆምኩ። ለግንባታ ሥራ ሞስኮ የሄደው ልጇ፣ የኑሪዲን ዳቦ ግድግዳዋ ላይ አለ። አዘውትሬ አየዋለሁ፤ ዛሬ ግን ደህና አድርጌ አየሁት። አመድ መስሏል። ተሸራርፎ ተሸራርፎ፣ የቱ ጋ እንደተነከሰ እንኳ አይለይም።

ከጎኑ የተሰቀለውን ፎቶ አንስታ፣ በዚያው ምስማር የእኔን ዳቦ ሰቀለችው።

ከዚያ ጠጋ ብላ የኑሪዲንን ዳቦ እፍ አለችው፤ አቧራው ቦነነ። ቀጥላም የኢልያውን እፍ አለችው፤ ገና ምንም አቧራ ሳይኖርበት።