ጉድፍ

ልጄ ወንበር ላይ ቆሞ ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ የሰቀለውን የተራራ ፎቶ እያስተካከለ «አሁንስ? ቀጥ አለ?» ይለኛል።

ዓይኔ ከተራራው ግርጌ ተነስቶ፣ በቁጥቋጦዎቹ በኩል አልፎ፣ ዘወትር የሚያርፍበት ቦታ ይደርሳል። ሣር ብቻ ነው።

እንደገና ከግርጌው እጀምራለሁ። ሁለተኛው ቁጥቋጦ። የተሰነጠቀው ድንጋይ። ከድንጋዩ ትንሽ ከፍ ብሎ እናቱ። የለችም።

ሚስቴ ሳትታመም በፊት ያነሳሁት ፎቶ ነው። እኔ ተራራውን ነበር ያነሳሁት፤ እሷ ቀድማኝ ትወጣ ስለነበር ገባችበት። የሩዝ ፍሬ ብታክል ነው። ቀይ ሹራቧን የማያውቅ፣ ሰው መሆኗን እንኳ አይለይም። ቤት ገብተን ስናየው «ተራራ ላይ የወጣች ቅማል መስያለሁ፤ ለማንም እንዳታሳይ» ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለማንም አላሳየሁም። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ፊት አልቆመችም። ከሞተች በኋላ በካሜራው ጀርባ ላይ አጉልቼ አያታለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ «ካሜራህን ላጽዳልህ» ብሎ ወሰደው። ለካ ይህን ሊያሳጥብልኝ ኖሯል። ስጦታ ነው።

«ምኑን ነካካኸው?» እለዋለሁ።

ፊቱ ይበራል። «አወቅክ አይደል? ያንተ ዓይን መቼ ይስታል! ሰማዩን ትንሽ አጠራሁት። ሣሩንም አለመለምኩት። ድንጋዩ አጠገብ ደግሞ አንድ ጉድፍ ነበረች፣ ቀላ ያለች። አነሳኋት። ሌንስህን ጥረግ እንጂ አባዬ! እንኳን እኔ ደረስኩልህ።»

ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰውዬ መብራቱ ስር ቁጭ ብሎ፣ ኮሌታውን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ ይጠብቃል። «የተባረከ ልጅ ነው» ይላል።

«ዋናው የታለ?» እለዋለሁ ልጄን።

«የቱ ዋና?»

«ያልነካካኸው!»

«እዚያው ዋናው ላይ ነው የሠራሁት፤ ሌላ ቅጂ የለም። የካሜራውን ካርድ ደግሞ ለቅዳሜው ሰርግ ፈልጌው አጠፋሁት። ምን ያደርግልሃል? ይሄ አይሻልም?»

ጆሮዬ ይግላል። የወንበሩን መደገፊያ ስጨብጠው እሱም ከነወንበሩ ይነቃነቃል።

«ማን ንካ አለህ?»

«ያስተማርከኝ ማን ሆነና? የስንቱን ማድያት፣ የስንቱን ጠባሳ ስታጠፋ አይደል ያደግኩት?»

«ሰው ይለምናል! ጠባሳዬን አጥፋልኝ፣ ፊቴን አቅላልኝ ይላል። ተራራው መጥቶ ለመነህ?»

«ለተራራ ብለህ ነው የምትጮህብኝ?»

ሰውዬው ከመቀመጫው ግማሽ ይነሳል። «በኋላ ልመለስ?»

«ቁጭ ይበሉ!» እንለዋለን ሁለታችንም። ቁጭ ይላል። አገጩንም ቀና ያደርጋል።

ዕድሜዬን እዚህ ክፍል ውስጥ ነው የጨረስኩት። ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ፣ አይንቀሳቀሱ። ሁሉም እንዳልኩት ሲሆንልኝ ኖሬ፣ እንዳልኩት ያልሆነ ፊት አይቼ አላውቅም። እሷ ናት ጎትታ ወደ ተራራ ያወጣችኝ። እየተነጫነጭኩ ተከተልኳት፤ ሥራ ፈት እንዳልመስል ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ። ላይ ስንደርስ የደመና ጥላ በተራራው ፊት ላይ እየተጎተተ ይሄዳል። ከልማዴ «አትንቀሳቀስ» ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት። አይታኝ ሳቀች። የማላዘው ነገር ከፊቴ ሲቆም የዚያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያስቀረኛል?

ልጄ ከወንበሩ ይወርዳል። እሱም ተቆጥቷል። ሲቆጣ እንደ እናቱ ግራ ቅንድቡን ብቻ ነው የሚያነሳው።

«ጩህ! ቢያንስ ድምፅህን ሰማን። እማዬ ከሞተች ወዲህ አንድ እሁድ እንኳ አብረኸን ተቀምጠሃል? ልጆቼ ‹አያታችንስ?› ሲሉኝ ‹ተራራ ላይ ነው› እላለሁ፤ መናኝ የሆንክ ይመስል። ድንጋይ ታነሳለህ። እኛ ሰዎቹ እዚህ ነን እኮ! ይኸው ፎቶህ፤» በመዶሻው ያሳየኛል፤ «አንድ ሰው አለበት? እስቲ አንድ ሰው አሳየኝ!»

ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። «እናትህ ነበረችበት።» ይህን ብነግረው ይወጣልኛል። መዶሻው ከእጁ ይወድቅ ይሆናል። እኔ ይቀለኛል። እሱ ግን ነገም እዚያ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል፣ ከነገ ወዲያም፤ ከሰው ፊት ላይ ጉድፍ ባነሳ ቁጥር እሷን ያነሳል።

ቃሉን እውጠዋለሁ።

«የለበትም» እላለሁ።

«ታዲያ!»

አልፌው ወደ ግድግዳው እሄዳለሁ። ሁለተኛው ቁጥቋጦ። የተሰነጠቀው ድንጋይ። ከድንጋዩ ትንሽ ከፍ ብሎ አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ እጫነዋለሁ፤ ጥፍሬ ነጭ እስኪሆን። ሳነሳው ላቤ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ደብዛዛ፣ ትንሽ፣ ብቻዋን።

ልጄ ከኪሱ ጨርቅ ያወጣል። መስታወት ላይ አሻራ አይቶ ማለፍ አይችልም፤ እኔው ነኝ እንደዚያ ያሳደግኩት። እጁ ወደ ፎቶው ይዘረጋል።

«አትንካው!»

ሰውዬው ደንግጦ ከወንበሩ ይነሳል። ልጄ ግን ዞር አይልም። ጨርቁ እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ አሻራውን ያያል። እኔን ያያል። ከዚያ ዓይኑ ከተራራው ግርጌ ይነሳና በቁጥቋጦዎቹ በኩል ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል።