የተሰረዙት ቁጥሮች

ሦስተኛው የኢንተርኔት ፍጥነት ልኬት ስድስት መቶ አሥር ሜጋቢት ይላል። ጡረተኛው ቀያሽ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ በጥቁሩ ራውተር ረድፍ ይጽፍና ስልኩን ከሚስቱ ወንበር መደገፊያ ላይ ያነሳል።

"ጥቁሩ እኛ ጋ ይቀራል" ይላል፣ ፊቱን ወደ እሷ መልሶ፣ ቃላቱን ሳያጣድፍ። "አማካዩ ስድስት መቶ ነው። ነጩ ሁለት መቶም አይሞላም። አሥር ሰዓት ላይ ለመደብሩ እመልሰዋለሁ።"

ጆሮዋ ከከዳት ስድስት ዓመት ሆኗታል። የምትሰማው ከከንፈር ነው።

"ለኔ ብለህ አትልፋ" ትላለች። "አንተና ልጃችን አውሩ፣ በኋላ ትነግረኛለህ።"

እሑድም ያለችው ይህንኑ ነው። ፈጣኑ የፋይበር መስመር ከገባ ወር ቢሆነውም ራውተሩ ያው አሮጌው ነበር። ልጃቸው ከሩቅ አገር እያወራች ሳለ ምስሏ ቀጥ አለ፤ ድምፁ ግን ቀጠለ። እናት የቆመውን አፍ እያየች ራሷን ነቀነቀች፣ እንደሰማ ሰው። "እማዬ፣ ታዲያ ልምጣ ወይስ ይቅር?" ስትባልም ነቀነቀች። ከዚያ ተነስታ ወጣች። እሱ ሰኞ ጠዋት ለሙከራ ሁለት ራውተር ተሸክሞ መጣ።

"ዳገት የለካ ሰው የሳሎን ግድግዳ ያቅተዋል?" ይላል አሁን።

"እስቲ ደብተርህን።"

ጣቷ በጥቁሩ ረድፍ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። በየክፍሉ አንዳንድ ቁጥር በቀጭን መስመር ተሰርዟል። አርባ። አሥራ አንድ። በእሷ ወንበር ትይዩ ደግሞ ሦስት።

"እነዚህ ምን አድርገውህ ነው?"

"ስሕተት ናቸው። ከሌሎቹ የራቀ ልኬት ይጣልና እንደገና ይለካል። ሠላሳ ዓመት መሬት የለካሁት እንዲያ ነው።"

"መሬት ቆሞ ይጠብቅሃል፣ አንተ ሰውዬ። ወሬ ይጠብቃል?" ጣቷን "ሦስት" የሚለው ቁጥር ላይ ትተክላለች። "እኔ እኮ ምስሉ ቆሞብኝ ራሴን የምነቀንቀው እዚህ ጋ ነው።"

ቀያሹ መነጽሩን ያወልቃል፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ ያደርገዋል። የነጩን ረድፍ ያያል። መቶ ሰማንያ፣ መቶ ሰባ ስምንት፣ መቶ ሰማንያ አንድ። አንድም የተሰረዘ የለም።

ባለአራት አንቴናውን ጥቁር ይነቅልና የሳሙና ማስቀመጫ የምታህለውን ነጯን ይሰካል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅቱ ትደውላለች። እናት ወንበሯ ላይ ናት፤ እሱ ደብተሩን ከፍቶ ከኋላዋ ቆሟል። ልጅቱ የጎረቤቷን ድመት ታሪክ ይዛለች፤ እጇን ታወናጭፋለች፣ ጉንጯን ትነፋለች። ምስሉ አይቆምም። ድምፁ ብቻ ከከንፈሯ አንድ እስትንፋስ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል።

እናት ሳቋን ትለቀዋለች።

ቀያሹ እርሳሱን እንደያዘ፣ ቀልዱ እስኪደርሰው ይጠብቃል።